ዲክሲስ የሚለው ረድፍ

እናቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ተብላ ስትጠየቅ «ወሬ ያጠናል» ነበር መልሷ። ከስልጤ መጥታ አሰላ ገበያው አጠገብ ሱቅ ከፍታ ያሳደገችን ሴት ናት። ወንድሞቼ ጨርቅና ቆርቆሮ ሲሸጡ እኔ ወሬ ማጥናቴ አንጀቷን ያሳርራት ነበር። «ወሬ ለመስማት ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል? እዚህ በርጩማ ላይ ቁጭ በል፣ ራሱ እግሩን እየጎተተ ይመጣልሃል» ትለኛለች። ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁና በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብዬ መዋል ጀመርኩ። ሱቁ አሁን የታናሽ ወንድሜ ነው። እውነቷን ነበር፣ ወሬው ራሱ ይመጣል።

በወጉ ሲጠራ ሥራዬ የፖለቲካ ተግባቦትና የዲጂታል ጋዜጠኝነት ጥናት ነው። ባለሥልጣን ምን ይናገራል፣ ጋዜጠኛ እንዴት አድርጎ ይጽፈዋል፣ ሰውስ ስልኩ ላይ ሲያገኘው ምን ያደርገዋል፤ ይኸው ነው በአጭሩ። የጡረታ ወረቀቴን ለማስጨረስ ስንት ቢሮ እንደተመላለስኩ አልነግራችሁም፤ አበሏም ብዙ የምታስወራ አይደለችም። ሥራው ግን ደስ ይል ነበር። አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ የተመደብኩት አርሲ ውስጥ ጮሌ የሚባል ወረዳ ነው፣ አማርኛ ላስተምር። ያኔ ጋዜጣ ጮሌ የሚደርሰው ዜናው ካረጀ በኋላ ነበር። ሻይ ቤት ገብቼ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ አብሮኝ የሚያስተምር የአካባቢው ልጅ ደግሞ በኦሮምኛ ይመልሰዋል። ጋዜጣው በአራት መስመር የጻፈውን እሱ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ይተርከዋል። ገበሬዎቹ ጣልቃ ይገባሉ፣ «ማን ነው ያለው? የት ሆኖ ነው ያለው? ያለው ሰው እዚህ መጥቶ ያውቃል?» እያሉ። ከእኔ ንባብ ይልቅ የእነሱ ጥያቄ ይጥመኝ ጀመር። ይህ ሥራ የያዘኝ እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ ነው ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ ወደ አሰላ ተዛውሬ ኮሙኒኬሽን ቢሮ ገባሁ። አለቃዬ አቶ ቱሉ የሚባሉ፣ ዜና ሁሉ በባለሥልጣን ማዕረግ መጀመር አለበት ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ጎርፍ ድልድይ ወሰደ። እኔ «ድልድዩ ተወሰደ» ብዬ ጀመርኩ፤ እሳቸው የኃላፊውን ስም፣ የኃላፊውን ማዕረግና የኃላፊውን ማሳሰቢያ አስቀድመው ድልድዩን መጨረሻ ላይ አደረጉት። «አቶ ቱሉ፣ ሰው እኮ ይህን አንብቦ ድልድዩ ጋ ሳይደርስ ወንዝ ይገባል» አልኳቸው። ተናደዱ፣ በኋላ ግን ሳቁ። ልማር ብዬ ፈቃድ ስጠይቅ ወዲያው ፈረሙልኝ። «ሂድ ተማርና ተመልሰህ በደንብ ስደበኝ» አሉኝ። ተምሬ ስመለስ አንድም ቀን ልሰድባቸው አልቻልኩም፣ በጣም ነበር የምወዳቸው።

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ለሥራ ስገባ ነው ዶክተር ጌጤ የሚባሉትን ሴት ያገኘሁት። በዕድሜ ብዙም አይበልጡኝም፤ አንቱ ያልኳቸው ለሥራቸው ነው። ድሮ የሬዲዮ ዘጋቢ ነበሩ። ኦሮምኛውን አርሲ ከመጡ በኋላ ነው የለመዱት፣ እየተሰባበረ ይወጣል፤ ልጆች ይስቁባቸዋል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፣ ግን አያቆሙም።

ሰው ሊያነጋግሩ ሲሄዱ የሚያደርጉትን ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም። መቅረጫውን አጥፍተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል። ሰውየው «ይሄ ምንድነው?» ብሎ እስኪጠይቅ አይነኩትም። ሲጠይቅ አስረድተው በእጁ ይሰጡታል፣ ራሱ እንዲከፍተው። መዝጋትም የእሱ ነው። መሀል ላይ የደበረው ሰው ቀጭ አድርጎ ይዘጋዋል፣ እኛ ዝም ብለን ስለ ገብስ እናወራለን። ሲፈልግ መልሶ ይከፍተዋል። ብዙ ጥሩ ነገር ያገኘነው ሰው መልሶ ከከፈተው በኋላ ነው።

ሁለተኛው ልማዳቸው ደግሞ ጥናቱ ካለቀ በኋላ፣ ከመታተሙ በፊት፣ ወዳነጋገርናቸው ሰዎች ተመልሰን የጻፍነውን ማንበብ ነበር። ጭቃ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ በጋሪ ቢሆን እንሄዳለን። «ስለ ሰው የጻፍኩትን ሰውየው ሳይሰማው አላሳትምም» ይላሉ። ስንት ጊዜ ታርመናል። አንዷ ሴትዮ «እኔ እንደዚህ አላልኩም፤ ብልም ተናድጄ ነው» ብላ ግማሽ ገጽ አሰርዛናለች።

ፌስቡክና ቴሌግራም የመጡ ጊዜ ሥራችን ተለወጠ። የየወረዳውን ገጽ ጽሑፎች አትመን፣ እኔ ለብቻዬ እሳቸው ለብቻቸው እንመድባቸዋለን፤ ይህ የባለሥልጣን ቃል ኪዳን፣ ይህ ወቀሳ፣ ይህ የተጣራ ዜና፣ ይህ አሉባልታ እያልን። ከዚያ እናስተያያለን። ካልተስማማን ክርክር ነው። በአንድ የመንገድ ሥራ ዜና ሳምንት ሙሉ ተኳርፈን እናውቃለን፤ እሳቸው ቃል ኪዳን ነው ይላሉ፣ እኔ ማስታወቂያ ነው እላለሁ። አሁን ያንን ኮምፒውተሩ አፍንጫህን እስክትናፈጥ ይጨርሰዋል አሉ። ይጨርስ። የሚያናድደኝ አለመኮራረፉ ነው።

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። አንድ የአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ በየወረዳው የኮንትራት ዘጋቢዎች ነበሩት። ዜናውን ለጣቢያው ገጽ ይልካሉ፣ ገጹ በወረዳ በወረዳ ተከፍሎ ያወጣዋል። ጣቢያው የትኛው ወረዳ ስንት ተከታታይ እንዳለው አጥኑልን አለን። ያን ጊዜ መኪናም ነዳጅም አልነበረም፤ ነገሩ ሁሉ ስክሪን ላይ ስለሆነ ቢሮ ቁጭ ብለን ላይክ፣ ሼርና ኮሜንት ቆጠርን። መልሶ የማንበቡን ነገር ሳነሳ ዶክተር ጌጤ «ማንን አነጋገርንና ለማን እናነባለን? ቁጥር ብቻ ነው፣ ሰው የለበትም» አሉ። እኔም እፎይ አልኩ፣ ጉልበቴን ያመኝ ነበርና።

ሠንጠረዡ አማረ። ወረዳዎቹ ከላይ እስከ ታች ተደርድረው ዲክሲስ መጨረሻ ላይ ወጣ። ዜናው ብዙ፣ ላይኩ ከምንም የማይቆጠር፣ ኮሜንቱ ባዶ። በጥናቱ ማጠቃለያ ላይ «ተከታታይ ባለበት ላይ ቢተኮር» የሚል አረፍተ ነገር ገባ። በአዳራሽ ቀረበ፣ ተጨበጨበ። በመጽሔትም ታተመ። ዶክተር ጌጤ ፕሮፌሰር ለመባል የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት ቢሯችን መጣች። ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች፣ ቀጭን፣ በእጇ የእኛን መጽሔት የያዘች። ሰላምታዋን በደንብ አድርሳ ስታበቃ ተቀመጠች።

«መኪያ እባላለሁ፣ ከዲክሲስ ነው የመጣሁት» አለች። «ይህን ጥናት እናንተ ናችሁ የጻፋችሁት?»

«አዎ» አሉ ዶክተር ጌጤ።

ሠንጠረዡን ገልጣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይሄ እኔ ነኝ።»

አልገባንም። «እንዴት?» አልኩ።

«የዲክሲስ ዘጋቢ አንድ ሰው ነው። እኔ ነኝ። ይህን ገጽ አሳዩኝና ኮንትራትሽ አይታደስም አሉኝ።»

የሰው ስም ሳንጽፍ፣ የሰው ሚስጥር ሳናወጣ፣ አንድን ሰው ረድፍ አድርገን አስቀምጠናል። ዶክተር ጌጤ ወረቀቱን ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ስለ አንቺ ነው የጻፍኩት ለካ» አሉ ቀስ ብለው። መኪያ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ብትጮህብን ይሻለን ነበር።

«ሰው አያነበኝም ነው ያላችሁት» አለች። «ልለምናችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። በገበያ ቀን ኑና እዩ። ከዚያ በኋላም አያነቡሽም ካላችሁኝ፣ እሺ፣ እቀበላለሁ።»

ሄድን። ቅዝቃዜው አጥንት ሰብሮ የሚገባ ነበር፤ ሰው ሁሉ ተጀቡኖ ነጭ ሽንኩርትና ገብስ ይሸጣል። መኪያ ርቃ ቆመች፣ እንዳታስፈራቸው። ዶክተር ጌጤ በዚያ ስብርባሪ ኦሮምኛቸው አንዷን ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ስለ ማዳበሪያ ጠየቋት። ሴትዮዋ ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ አንድ ምስል አሳየቻቸው። የመኪያ ዜና ነው። በአንድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ማዳበሪያ ለሁሉም ደርሷል ተባለ፤ መኪያ ደግሞ ባዶውን መጋዘን ፎቶ አንስታ፣ የተባለውን ከላይ፣ ያየችውን ከታች ጽፋ አውጥታዋለች። ምስሉ ግን ከገጹ ላይ ስክሪንሾት የተደረገ ነው፣ ከእህቷ የተላከላት። እህትየው የምትኖረው እዚያ ጮሌ ወረዳ ነው። እሷም ከሌላ ሰው ነው ያገኘችው። አጠገቧ ያለችው ማንበብ የማትችል ባልቴት ደግሞ ዜናውን በቃሏ አወረደችልን፣ ከእነ መጋዘኑ በር ቀለም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ገበያውን ዞርን። አንዱ ስልክ ይይዛል፣ አንዱ ያነባል፣ ቤቱ ሁሉ ይሰማል። ወይም በድምፅ ቀርጸው ይላላካሉ። ገጹ ላይ ግን ማንም ጣቱን አያሳርፍም። የሌሎቹ ወረዳዎች ዜና ምርቃትና ጉብኝት ስለሆነ ሰው ሳይፈራ እንኳን ደስ አላችሁ ይልበታል። መኪያ የምትጽፈው ደግሞ የሚያስፈራውን ነው። እኛ ፍርሃቱን ቆጥረን አንባቢ የለም ብለን ነበር የጻፍነው።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ዶክተር ጌጤ ጥናቱ ከመጽሔቱ እንዲሰረዝ ጽፈው ጨርሰዋል። ለመንኳቸው። «ሌላ ጥናት ጨምረን እንጻፍ፣ ይህ ይቅር፤ ሹመትዎ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ሸረፋ» አሉኝ፣ «በዚህ ወረቀት ፕሮፌሰር ከምባል እድሜ ልኬን ጌጤ ብባል ይሻለኛል። አርፈህ ቴምብሩን ለጥፍልኝ።»

ለጠፍኩ። ሹመቱም በዚያው ቀረ። ስረዛውን ይዘው ጣቢያው ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ ትሁት ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፤ ግን በጀቱ ለሌላ ወረዳ ሄዷል፣ ውሳኔ ውሳኔ ነው ብሎ ሸኛቸው። ተስፋ የቆረጡ መስለው ነው የተመለሱት።

«ቢያንስ ልጅቷ ትስማው» አሉኝና እንደገና ዲክሲስ ወረድን። መኪያ በትንሽ ክፍል ውስጥ ፎቶ ኮፒ እያነሳች፣ ስልክ ቻርጅ እያደረገች መተዳደር ጀምራለች። ዜናዋን ደግሞ በራሷ ገጽ፣ ያለ ደሞዝ፣ ትጽፋለች። ደንበኞቿ ቆመው እያዩ ዶክተር ጌጤ እርማቱን በኦሮምኛ አነበቡላት። ተሳስቻለሁ፣ ቆጠራዬ ትክክል አልነበረም፣ የጎዳሁት ሰው አለ የሚል ነው። መኪያ ሰምታ ስትጨርስ «አላህ ይስጥልኝ ዶክተር» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ልጽፈው ይፈቅዱልኛል?» ብላ ጠየቀች።

«ጻፊው» አሉ።

አሰላ የሚሄድ ሚኒባስ ጠብቀን ተሳፈርን። መንገድ ላይ የመኪያን ገጽ ከፈትኩ፤ ጽሑፉ ወጥቷል። ሥሩ ላይክ የሚባል ነገር የለም። ለዶክተር ጌጤ አሳየኋቸው፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። በዚህ መሀል ከአጠገባቸው የተቀመጡ፣ ረዳቱ ሐጂ አማን እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ዛሬ ዲክሲስ የተሰማውን ሰማሽ?»

«ምን ተሰማ ሐጂ?»

«አንዲት የዩኒቨርሲቲ ዶክተር መጥታ ያቺን ዜና የምትጽፈውን ልጅ ሰው ፊት በድዬሻለሁ አለቻት አሉ። እኔ ደርሼ አላየሁም፤ አውራ መንገድ ሳልደርስ ነው የተነገረኝ።»

ዶክተር ጌጤን በክርኔ ነካሁ። ደስ ብሏቸው ነበር፣ ፊታቸው ላይ ይታያል። ሐጂ ግን አልጨረሱም።

«እና ልጅቷ ሥራዋን አገኘች?» አሉ።

«አላገኘችም» አሉ ዶክተር ጌጤ።

«ታዲያ ምኑ ነው የታረመው?»

ዶክተር ጌጤ «ዶክተሯ እኔ ነኝ ሐጂ» አሉና ሁሉንም ነገሯቸው፣ እኔ የአሰላ ልጅ መሆኔንና ሥራ አስኪያጁ ጋ መሄዳቸውንም ጨምረው። ሐጂ አማን እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ማንን ይዘሽ ነው የሄድሽው?»

«ማንንም አልያዝኩም። ደብዳቤ ነበረኝ።»

«ሽማግሌ ሳትልኪ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ እዚሁ አይደል ያደግኸው? ይህን አትነግራትም?» የተቆጣኝ አባቴ መሰለኝ፤ ምን ልበል፣ አቀረቀርኩ። ሁለታችንም የሰው ወሬ እንዴት እንደሚሄድ ስናጠና ኖረን፣ ሰው በሰው እንደሚለመን ረስተናል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐጂ አማን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው አሰላ መጡ። ከዶክተር ጌጤ ጋር ሆነን ጣቢያው ድረስ በባጃጅ ወሰድናቸው። ሥራ አስኪያጁ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ። ግቡ፣ ተቀመጡ አለ። መጀመሪያ መረቁት፤ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን። ሻይ መጣ፤ አንዳቸውም አልነኩትም። የመጡበት ጉዳይ ሳይፈጸምላቸው እንደማይጠጡ እሱም ያውቃል፣ የአገሩ ልጅ ነው።

ሐጂ አማን ጉዳዩን አቀረቡ። ሥራ አስኪያጁ አዳምጦ ሲያበቃ «ሐጂ፣ እኔ ልጅቷን ጠልቼ አይደለም» አለ። «አንባቢ የላትም ነው የተባልኩት።»

«እኔ አለሁ» አሉ ሐጂ። «የልጄ ሚስት ታነብልኛለች፣ እኔ ለጎረቤት እነግራለሁ።»

«እንግዲያው ሐጂ፣ አንድ ቀን እንኳን ላይክ አድርጉላት እንጂ። በስልክ አንድ ጊዜ መንካት ነው።»

«ስሜ ይታያላ» አሉ ሐጂ።

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሐጂ አማን አልሳቁም። ኮፍያቸውን አስተካክለው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ።

«ስሜ እንዳይታይ ነበር የተውኩት። ቀበሌው ያያል፣ አማቼ ያያል፣ ልጆቼ ሥራ አላቸው። ዛሬ ግን ይኸው ራሴ መጣሁልህ። አማን እባላለሁ። ቤቴ ዲክሲስ፣ ከመስጊዱ በታች ነው። ያነባታል ብለህ ጻፈው። እነዚህም ስማቸውን ይነግሩሃል።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተራ በተራ ስማቸውን ተናገሩ። ዶክተር ጌጤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔም ዓይኔ አልደረቀም፣ ለምን ልዋሽ።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን አንስቶ መኪያ ጋ ደወለ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍቶ።

«ሃሎ መኪያ፣ ከጣቢያው ነው። ስለ ሥራሽ ልናነጋግርሽ ፈልገን ነበር።»

ከወዲያ በኩል የፎቶ ኮፒው ማሽን ያጓራል። «ይቅርታ» አለች መኪያ፣ «አሁን ዜና እየጻፍኩ ነው። ልጨርስና ትንሽ ቆይተው ይደውሉልኝ?» ብላ ዘጋችው።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ሐጂ አማን ሻያቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ጠብቃት እንግዲህ» አሉትና ጠጡ።